በጠባብ በጀት የቤት ሴኩሪቲ ካሜራ እንዴት ይመረጣል? ለአዳማ ግቢዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ስለ ካሜራ የሚጠይቁኝ ሰዎች ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው። «አራት ካሜራ ከነሙሉ ዕቃው ስንት ይፈጃል?» አንዱ ቦኩ አካባቢ ቤት ጨርሶ የገባ ነው። ሌላው ፍራንኮ ጋ ሱቁና መኖሪያው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ሌላዋ ልጆቿን ከሠራተኛ ጋር ትታ ቢሮ የምትውል እናት ናት። ሁሉም ብር አጥሯቸዋል፣ ሁሉም የሚጠይቁኝ ስለ ካሜራው ብዛት ነው።

ብዛቱን ለጊዜው ተዉት። ትክክለኛ ቦታ ላይ የተሰቀለ፣ መብራት ሲሄድ አብሮ የማይሄድ አንድ ካሜራ፣ ጣሪያ ሥር ከተደረደሩ አራት ርካሽ ካሜራዎች ይበልጣል። ብር ሲያጥር መቀነስ ያለበት የካሜራው ቁጥር ነው። ኬብሉን፣ ባትሪውንና ማከማቻውን መቀነስ ግን አያዋጣም። እንደ እኔ ከሆነ ካላችሁ ብር ቢያንስ ሲሶውን ለእነዚህ ለሦስቱ አስቀምጡ።

ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር አይሠራም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለዕቅድ፦ ሜትር፣ ወረቀትና እስክሪፕቶ፣ ስልክ፣ መሰላል።

ለአንድ የዋይፋይ ካሜራ፦
- ካሜራው ራሱ። 2 ሜጋፒክሰል ይበቃል። ውጭ የሚሰቀል ከሆነ አይፒ66 ወይም አይፒ67 የሚል ምልክት ይኑረው። የመጀመሪያው 6 አቧራ አይገባውም ማለት ነው፤ በእኛ ከተማ ይሄ የግድ ነው።
- 64 ወይም 128 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ
- ለራውተሩና ለካሜራው የሚሆን ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ)
- ስካቶላ፣ ፊሸር፣ ቪት፣ ናስትሮ

ለባለሽቦ ሁለት ካሜራ፦
- ባለ 4 ቻናል ዲቪአር፣ ማለትም የካሜራዎቹን ምስል ተቀብሎ የሚቀርጸው ሳጥን (ሁለቱ ቻናል ለወደፊት ባዶ ይቀመጣል)
- ለካሜራ ቀረጻ የተሠራ ሃርድ ዲስክ፣ 500 ጊጋባይት ወይም 1 ቴራባይት
- ኬብል፣ ለእያንዳንዱ መስመር ከለካችሁት ላይ 2 ሜትር ጨምራችሁ
- 12 ቮልት 5 አምፔር ፓወር ሳፕላይ፣ የቢኤንሲ ጃኮች (የምስል ኬብሉን ጫፍ የሚያገናኙት)
- ዩፒኤስ፣ ከተቻለ ስታቢላይዘር

ድሪል፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳና ቴስተር የሚገጥመው ባለሙያ ይዞ ይመጣል። ለአንድ ቀን ሥራ አትግዙ።

1. መጀመሪያ በሩንና መብራቱን እዩ

የግቢው በር ቁልፍ ላላ ያለ ከሆነ፣ ወይም በሩ ላይ አምፖል ከሌለ፣ የመጀመሪያው ብር እዚያ ይግባ። ካሜራ የሆነውን ያሳያል እንጂ በር አይዘጋም። በር ላይ የሚበራ አምፖል ደግሞ ሌባውንም ያስፈራል፣ የካሜራውንም ምስል ያሻሽላል። በአንድ ብር ሁለት ሥራ ነው።

2. ግቢውን ወረቀት ላይ ሳሉ

ሥዕሉ ማማር የለበትም። አጥሩ፣ በሩ፣ ቤቱ፣ ሰርቪስ ቤቱ፣ ቆጣሪው፣ ራውተሩ ያለበት ክፍል ይኑርበት። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሰው ወደ ቤቴ ለመግባት የግድ የሚያልፍበት ቦታ የትኛው ነው? አብዛኛው ሰው ቤት መልሱ የግቢው በር ነው። ሁለተኛው የሳሎኑ በር ነው። የመጀመሪያው ካሜራ የሚሄደው ወደ ግቢው በር ነው።

ይህ ለምን አስፈለገ? ሰፊ ግቢን በሙሉ ለማየት ብዙ ካሜራ ይጠይቃል። ሰው የግድ የሚያልፍበትን ጠባብ ቦታ ለማየት ግን አንድ ይበቃል።

አሁን ስልካችሁን ይዛችሁ መሰላል ላይ ውጡና ካሜራው ይሰቀላል ካላችሁበት ቦታ ቪዲዮ ቅረጹ። አንድ ሰው በበሩ ይግባ። ፊቱ ታየ? ቅርንጫፍ ጋረደው? ፀሐይ ፊት ለፊት መጣ? ይህን ጠዋት 1 ሰዓት ላይም፣ ማታ 11 ሰዓት ላይም አድርጉት። የአዳማ ፀሐይ ዝቅ ስትል ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያየ ካሜራ ሰውን ጥቁር ጥላ ብቻ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ቦታ መቀየር የማይቻል ከሆነ እውነተኛ ደብልዩዲአር (ደማቁንና ጨለማውን ቦታ አመጣጥኖ የሚያሳይ) ያለው ካሜራ ፈልጉ። ካርቶኑ ላይ 120 ዲቢ የሚል ይጻፍበታል። «ዲጂታል ደብልዩዲአር» የሚለው ያን ያህል አይረዳም።

ማስጠንቀቂያ፦ ካሜራው የጎረቤት ግቢ ውስጥ፣ የተከራይ በር ላይ ወይም የጋራ መጸዳጃ ቤት አካባቢ አይይ። ግቢ የምትጋሩ ከሆነ ከመግጠማችሁ በፊት ለሁሉም ንገሩ። የምትገዙት ካሜራ ድምፅ የሚቀዳ ከሆነ ይህንንም አብራችሁ ንገሯቸው። አለበለዚያ ሌባ ሳይመጣ ጠብ ይመጣል። አብዛኞቹ ካሜራዎች የምስሉን አንድ ክፍል በጥቁር መሸፈን የሚያስችል ማስተካከያ አላቸው፤ ማዞር ካልተቻለ እሱን ተጠቀሙ።

3. የካሜራውን ዓይነት ምረጡ

ሱቅ ውስጥ አራት ዓይነት ታያላችሁ።

የዋይፋይ ካሜራ። ለተከራይ፣ ለኮንዶሚኒየምና ለቤት ውስጥ እሱን ነው የምመክረው። ቤት ስትቀይሩ ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ። ግን «ሽቦ የለውም» ሲባል እንዳትሸወዱ፤ የመብራት ሽቦ ይፈልጋል። ሌላው ችግር ግድግዳ ነው። አብዛኞቹ ርካሽ ካሜራዎች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ሞገዱ ከ5 ጊጋኸርዝ ይልቅ ግድግዳ ያልፋል፣ ነገር ግን ሁለት የብሎኬት ግድግዳና አንድ የቆርቆሮ በር ካጋጠመው ይዝላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ካሜራው የሚሰቀልበት ቦታ ቆማችሁ በቤታችሁ ዋይፋይ ቪዲዮ ኮል አድርጉ። የምታናግሩት ሰው ምስላችሁ ተቆራረጠብኝ ካለ ካሜራውም ይቆራረጣል። ዩቲዩብ ከፍቶ መሞከር አይበቃም፣ ምክንያቱም የካሜራ ሥራ መቀበል ሳይሆን መላክ ነው።

አምፖል ካሜራ። በአምፖል ቦታ ይገባል፣ ርካሽ ነው፣ ሽቦ መዘርጋት አይጠይቅም። አንድ ችግር አለበት። አንድ ሰው ለምዶበት ማብሪያ ማጥፊያውን ሲጫን ካሜራውም ይጠፋል። ካሜራው ደጅ ላይ፣ ማጥፊያው በረንዳ ላይ ከሆነማ ሌባውም ያጠፋዋል። ይህን የምትገዙ ከሆነ ማጥፊያው ተከድኖ ወይም መስመሩ ቀጥታ ተደርጎ ይሠራ።

ባለሽቦ ሲስተም ከዲቪአር ጋር። የራሳችሁ ቤት ከሆነና ሁለት ካሜራና ከዚያ በላይ ካሰባችሁ ምርጫዬ ይህ ነው። ሲገዛ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን ዋይፋይ ስለማይፈልግ አይቆራረጥም፣ አንድ ካሜራ ቢበላሽ አንዱን ብቻ ትቀይራላችሁ፣ ቀረጻውም ሌባ ከማይደርስበት ቦታ ነው። በኢንተርኔት ኬብል የሚሠራው የአይፒ ሲስተም ምስሉ የተሻለ ነው። ነገር ግን ለጠባብ በጀት ባለ 2 ሜጋፒክሰሉ ኤችዲ አናሎግ (በዲቪአር የሚሠራው) ከበቂ በላይ ነው።

ባለሶላር ሲም ካሜራ። መብራትም ኢንተርኔትም ለሌለበት ቦታ ነው። ለምሳሌ ፌሮና ሲሚንቶ ለተቀመጠበት ጅምር ቤት። ለመኖሪያ ቤት ግን አልመክርም። ባትሪ ለመቆጠብ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው የሚውለው፤ የሰው ሙቀት ሲሰማው ነው የሚነቃው። እስኪነቃ ድረስ ሰውዬው አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ደግሞ ሴንሰሩ የሚሠራው በሰው ሙቀትና በአካባቢው ሙቀት መካከል ባለው ልዩነት ነው። በአዳማ የቀትር ሙቀት ልዩነቱ ስለሚጠብ ሴንሰሩ ይደነዝዛል።

4. ሌንሱን በሜትር ምረጡ

ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው ማሳያ ቲቪ ላይ ሰፊ ምስል ያምራል፤ ግቢው ሙሉ ይታያል። ማታ አንድ ሰው ሲገባ ግን ጃኬት የለበሰ ሰው መሆኑን እንጂ ማን መሆኑን አታውቁም።

ስሌቱ ቀላል ነው። የማያውቁትን ሰው ፊት ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት 250 ፒክሰል (ምስሉ የሚሠራባቸው ነጥቦች) ያህል ያስፈልጋል፤ በካሜራ ደረጃዎች የሚሠራበት ልክ ነው። ባለ 2 ሜጋፒክሰል ካሜራ ምስሉ ወደ ጎን 1920 ፒክሰል አለው። ለ250 ስታካፍሉት ከ7 ሜትር ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ሰውዬው በሚቆምበት ቦታ ካሜራው የሚያሳየው ስፋት ከ7 ሜትር ተኩል መብለጥ የለበትም።

በሌንስ ስናየው እንዲህ ይሆናል፦
- 2.8 ሚሊ ሜትር፦ በጣም ሰፊ ነው። ፊት የሚለየው እስከ 3 ሜትር አካባቢ ነው። ለሳሎን፣ ለበረንዳና ለጠባብ መግቢያ ይሆናል።
- 4 ሚሊ ሜትር፦ እስከ 4 ሜትር አካባቢ።
- 6 ሚሊ ሜትር፦ ጠበብ ይላል፣ ግን እስከ 8 ሜትር አካባቢ ፊት ይለያል። ከቤቱ ግድግዳ ላይ ሆኖ የግቢውን በር ለሚያይ ካሜራ ይህ ነው።

የምታውቁትን ሰው፣ የጎረቤት ልጅ ወይም የቀድሞ ሠራተኛ፣ ለመለየት የዚህን እጥፍ ርቀት መሄድ ይቻላል። ባለ 4 ሜጋፒክሰል ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ርቀት ላይ ሲሶውን ጨምሩ።

እንግዲህ ሜትሩን አንሡና ከካሜራው ቦታ እስከ በሩ ለኩ። ሱቅ ስትገቡ «አሪፍ ካሜራ ስጡኝ» ሳይሆን «በሩ 7 ሜትር ላይ ነው፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሌንስ አላችሁ?» በሉ። ሻጩም አነጋገሩን ይቀይራል።

ከፍታው ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ይሁን። ከዚያ በላይ ከሆነ የምታዩት ኮፍያ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ በዱላ ይዞራል።

5. የማታውን ምስል ሳታዩ አትግዙ

ሌባ ቀን አይመጣም ባይባልም ካሜራ የሚፈተነው ማታ ነው። ርካሽ ካሜራ ሁሉ ቀን ላይ ያምራል። ሱቅ ውስጥ መብራት አጥፉልኝ በሉ፣ ካልተቻለ ካሜራውን የሚገባበት ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ምስሉን ስልክ ላይ እዩት። ኢንፍራሬድ መብራቱ (በጨለማ እንዲያይ የሚረዳው፣ ለዓይን የማይታየው ብርሃን) መነሣት አለበት፤ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል።

ማታም ቀለም የሚያሳዩ ነጭ ኤልኢዲ ያላቸው ካሜራዎች አሉ። በር ላይ የሚያድር አምፖል ካላችሁ አያስፈልጉም።

እዚህ ላይ የአዳማ ጉዳይ አለ። በበጋ ሌንሱ ላይ የሚቀመጠው ስስ አቧራ ቀን አይታይም። ማታ ግን የኢንፍራሬዱ ብርሃን አቧራው ላይ ነጥሮ ይመለስና ምስሉ በሙሉ ጉም ይመስላል። ካሜራው ተበላሸ ተብሎ የሚቀየረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ለስላሳ ጨርቅ ነው። መጀመሪያ አቧራውን እፍ ብላችሁ አራግፉ፣ ከዚያ ጥረጉ። በደረቁ ካሻችሁት አሸዋው ሌንሱን ይጭረዋል። የሸረሪት ድርም እንዲሁ ያደርጋል።

ካሜራው ከግድግዳ ወይም ከጣሪያ ጠርዝ ጋር ከተጠጋም ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይነጥርና ሌላው ሁሉ ይጨልማል። በምስሉ ጥግ ላይ ግድግዳ ከታየ ካሜራውን ወደ ውጭ አውጡት።

6. ስንት ቀን ይያዝ?

ለመኖሪያ ቤት ከ7 እስከ 10 ቀን በቂ ነው። ለቅሶ ወይም ሠርግ ሄዳችሁ ስትመለሱ ማየት እንድትችሉ ያህል።

በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ በቀን 10.8 ጊጋባይት ይወስዳል። 2 ሜጋቢት ከሆነ 21.6 ጊጋባይት። ሁለት ካሜራ በ2 ሜጋቢት ሌት ተቀን ቢቀርጹ በቀን 43 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ 500 ጊጋባይት ዲስክ 11 ቀን አካባቢ ይይዛል። ለሁለት ካሜራ 1 ቴራባይት ካልተገኘ አትጨነቁ። ዲቪአሩ ኤች.265 የሚባለውን አቀራረጽ መያዙን ግን ጠይቁ፤ ከቀድሞው ኤች.264 ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ቦታ ይቆጥባል።

ለዋይፋይ ካሜራ 64 ጊጋባይት ካርድ በ1 ሜጋቢት 5 ቀን ገደማ ነው። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ይቅረጽ ካላችሁት ይረዝማል። ካርዱ ቀንና ሌሊት ስለሚጻፍበት ተራው የስልክ ሚሞሪ ቶሎ ይሞታል። «ሃይ ኢንዱራንስ» የሚል የተጻፈበትን ግዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ 128 ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን 8 ጊጋባይት የሆነ ካርድ ገበያው ላይ አለ። ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት 128 ብሎ ያሳያል። ማረጋገጫው አንድ ነው፤ እስኪሞላ ድረስ ፊልም ገልብጡበትና የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ክፈቱ። ካልከፈቱ ካርዱን መልሱ።

7. ኬብልና መብራት

ብዙ የምሰማው ስሞታ አለ። «ካሜራው ቀን ይሠራል፣ ማታ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል።» ሰው ካሜራውን ይረግማል። ጥፋቱ ግን የሽቦው ነው።

ማታ ኢንፍራሬዱ ሲበራ ካሜራው የሚስበው ኃይል ይጨምራል። ሽቦው ቀጭን ከሆነ 12 ቮልቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ለምሳሌ 30 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ግማሽ አምፔር የሚስብ ካሜራ፣ ውፍረቱ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ 1 ቮልት ገደማ ያጣል፤ ችግር የለውም። 0.2 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ ቀጭን ሽቦ ግን ከ2 ቮልት ተኩል በላይ ያጣል። ካሜራው ጋ የሚደርሰው 9 ቮልት ተኩል አይሞላም፣ ይጠፋል። ሲጠፋ ጭነቱ ይቀላል፣ ይነሣል፣ ኢንፍራሬዱ ይበራል፣ እንደገና ይጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ ያድራል።

ስለዚህ፦
- ሽቦው ንጹህ መዳብ መሆኑን በምላጭ ፋቅ አድርጋችሁ እዩ። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ቮልት ይበላል፣ ሲታጠፍም ይሰበራል።
- የኢንተርኔት ኬብል ለኃይል ከተጠቀማችሁ ሁለት ወይም ሦስት ጥንዶችን አንድ ላይ አጣምሩ።
- ማታ ካሜራው ጋ ያለውን ቮልት በቴስተር ለኩ። ከ11 በታች ከሆነ ሽቦው ይቀየር ወይም ፓወር ሳፕላዩ ይቅረብ።

ወደ መብራት መጥፋት እንምጣ። አንድ ካሜራ ከ4 እስከ 6 ዋት፣ ዲቪአር ከነዲስኩ ከ10 እስከ 15 ዋት፣ ራውተር 10 ዋት አካባቢ ይበላሉ። ሁለት ካሜራ ያለው ቤት ድምሩ 35 ዋት ገደማ ነው። የተለመደው ትንሽ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ አዲስ ሆኖ በጥሩ ቀን ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያቆየዋል። ካረጀ ግማሹን። ዩፒኤሱ ላይ ኮምፒውተር ወይም ቲቪ ከሰካችሁ ይሄም አይኖርም።

ሌሊቱን ሙሉ እንዲሠራ የምትፈልጉ ከሆነ ትልቅ 12 ቮልት ባትሪ ከራሱ ቻርጀር ጋር ባለሙያ ያገናኝላችሁ። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ 13.8 ቮልት አካባቢ ይደርሳል። ካሜራዎቹ ብዙ ጊዜ ይችሉታል፤ ሁሉም ዲቪአር ግን አይችለውም። ከማገናኘታችሁ በፊት የዕቃውን ጀርባ አንብቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው ዕቃ የሚቃጠለው። ስታቢላይዘር ከሌላችሁ ቢያንስ መከላከያ ያለው ዲቫይደር ተጠቀሙ። ባትሪን አየር በማይገባበት ቁም ሳጥን ውስጥ አትዝጉበት።

8. ኢንተርኔት የግድ ነው?

አይደለም። ዲቪአር ያለ ኢንተርኔት ሌት ተቀን ይቀርጻል። ቤት ገብታችሁ ቲቪ ላይ ታዩታላችሁ። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ከውጭ ሆናችሁ በስልክ ማየት ስትፈልጉ ነው። አብዛኞቹ የዋይፋይ ካሜራዎችም አንዴ ከተስተካከሉ በኋላ ሚሞሪው ላይ መቅረጻቸውን ይቀጥላሉ።

በሲም ራውተር የምትጠቀሙ ከሆነ ሂሳቡ ይህ ነው፦ በ1 ሜጋቢት አንድ ሰዓት በቀጥታ ማየት 450 ሜጋባይት ይበላል። አፑ ላይ «ኤስዲ» ወይም «ስሙዝ» የሚለውን ዝቅተኛ ጥራት ምረጡ። ቢሮ ሆናችሁ ቀኑን ሙሉ ከፍታችሁ አትዋሉ፤ ጥቅሉ ሳምንት አይዘልቅም።

ወርኃዊ የክላውድ (ቀረጻውን በኢንተርኔት የሚያስቀምጥ አገልግሎት) ክፍያ እንድትገቡ የሚገፋፉ አፖች አሉ። ሚሞሪ ካላችሁ ዝለሉት።

9. ሱቅ ውስጥ

ካሜራው እዚያው ይከፈት፣ ይሰካ፣ ይታይ። «4ኬ» ተብሎ በሳቅ ዋጋ የሚሸጥ ካሜራ ካገኛችሁ አንድ ደቂቃ አስቀርጹና ስልክ ላይ የፋይሉን ዝርዝር ክፈቱ። ስፋቱ 1920 ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነ ካርቶኑ ዋሽቷል። አንዳንዱ ደግሞ ትንሹን ምስል ለጥጦ ትልቅ ያስመስላል፤ ስለዚህ ከ4 ሜትር ርቀት ላይ የተንጠለጠለ ጽሑፍ ይነበብ እንደሆነ እዩ።

ደረሰኝና የጽሑፍ ዋስትና ያዙ። መርካቶ ወርዶ መግዛት ይረክሳል፣ እውነት ነው። ግን ዕቃው ቢበላሽ መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሄዳችሁ ነው የምትመልሱት። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ አዳማ ግዙ።

ያገለገለ ዲቪአር መግዛት ጥሩ መቆጠቢያ ነው፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ሻጩ ፊታችሁ በፓስዎርድ ይግባ፣ ከራሱ አካውንት ያውጣው፣ ወደ ፋብሪካ ማስተካከያው ይመልሰው። ፓስዎርዱ የጠፋበት ዲቪአር ብረት ነው። ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ግን አትግዙ።

10. ስትገጥሙ

መጀመሪያ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ አገናኙ። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይሥራ። ጉድለቱን ግድግዳ ላይ ከመሰቀሉ በፊት ማወቅ ይሻላል።

ካሜራውን ኮለን ወይም ግድግዳ ላይ ስቀሉ። የቆርቆሮ አጥር ወይም የቀጭን ብረት ቱቦ ላይ አትስቀሉ። ከተማዋ ዳርቻ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። ቱቦው ሲወዛወዝ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ካሜራው ሁሉም ነገር የተንቀሳቀሰ ስለሚመስለው ሌሊቱን ሙሉ ስልካችሁን ያስጮኸዋል፣ ሚሞሪውንም ይሞላል። የፓፓያ ቅጠል ወይም የተሰጣ ልብስ ምስሉ ውስጥ ካለም ውጤቱ ያው ነው። አፑ ላይ «የሰው መለያ» ካለ አብሩት፤ ከሌለ በሩን ብቻ የሚከብ ሳጥን ሳሉለትና ሌላውን ተዉት።

የኬብሉ መገናኛ ስካቶላ ውስጥ ይግባ። ገመዱ ወደ ግድግዳው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይመለስ፤ የክረምት ውኃ በዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።

ዲቪአሩ ቲቪው ሥር አይቀመጥ። ሌባ ቲቪውን ሲያነሣ አብሮ ያነሣዋል። የሚቆለፍ ግን አየር የሚያስገባ ቦታ ፈልጉ። ቆርቆሮው ከላይ የሚግልበት ኮርኒስ ውስጥ ከተደበቀ ሃርድ ዲስኩ በሙቀት ይሞታል።

ማስጠንቀቂያ፦ የመብራት መስመር ስትነኩ ከቆጣሪው አጥፉ። ንፋስ ባለበት ከሰዓት መሰላል ላይ ብቻችሁን አትውጡ።

11. አካውንት፣ ፓስዎርድ፣ ሰዓት

ገጣሚው ሥራውን ለማፋጠን ካሜራውን በራሱ ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል ሊያስመዘግበው ይችላል። ከዚያ በኋላ ቤታችሁን የሚያየው እሱ ነው፤ ስልኩን ቢቀይር ደግሞ እናንተም ትዘጋላችሁ። ዋናው አካውንት በእናንተ ስልክ ይከፈት። ለባለቤታችሁና ለልጆች «ሼር» አድርጉ። ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

የፋብሪካውን ፓስዎርድ ቀይሩ። «12345» እና «አድሚን» የሚሉትን ሁሉም ያውቃቸዋል። በ2016 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራና ዲቪአር የያዘው እነዚህን የፋብሪካ ፓስዎርዶች እየሞከረ ነበር።

ሰዓቱን ጂኤምቲ+3 አድርጉ፣ የበጋ ሰዓት ማስተካከያውን አጥፉ። ዲቪአሩ የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሆነውን 02:00 ላይ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት የሆነውን 21:00 ላይ ፈልጉ። ፖሊስ ጋ ስትሄዱም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ «2 ሰዓት» ብቻ ከተባለ ጠዋቱ ይታያል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ውስጡ ያለችው ክብ ትንሽ ባትሪ አልቃለች፤ ርካሽ ናት፣ አስቀይሯት።

የተለመዱ ስህተቶች

ከላይ ያልነካኋቸው ጥቂት አሉ። የማይሠራ የውሸት ካሜራ መስቀል አንዱ ነው፤ ሌባው ካልተሸወደ እጃችሁ ላይ ምንም የለም። ሌላው ካሜራውን ወደ መንገድ ማዞር ነው። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ይቀርጻል፣ የእናንተ በር ግን ምስሉ ጥግ ላይ ይቀራል።

ሦስተኛው ነገር ከተፈጠረ በኋላ መዘግየት ነው። ዲስኩ ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ አዲሱን ይጽፋል። ዛሬ ነገ ስትሉ ማስረጃው ይሰረዛል። የዚያኑ ቀን ወደ ፍላሽ ገልብጡ፣ ቅጂውን ለሌላ ሰው ላኩ። የዲቪአሩን ስክሪን በስልክ መቅረጽ ፊት ያደበዝዛል፤ «ኤክስፖርት» ወይም «ባክአፕ» በሚለው አውጡት። ይህን ደግሞ ነገር ሳይፈጠር አሁኑኑ አንዴ ሞክሩት። ዩኤስቢ ማስገቢያው የት እንዳለ፣ ፍላሹን ይቀበል እንደሆነ እወቁ።

በወር አንድ ጊዜ ሌንሱን ጥረጉ፣ የትናንት ሌሊትን ቀረጻ ከፍታችሁ መኖሩን እዩ፣ ዩፒኤሱን ከሶኬት ነቅላችሁ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ለኩ። ግማሽ ሰዓት ካልሞላ ባትሪው ይቀየር።